የአልዛይመር መድኃኒቶች በማስረጃ ሚዛን

አረጋዊ ሲዘነጋ «ጃጀ» ብሎ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ደግሞ ለአልዛይመር በሽታ አዲስ መድኃኒት ተገኘ የሚለውን ዜና የሰማ ቤተሰብ ብዙ ተስፋ ሰንቆ ወደ ሐኪም ይመጣል። ተስፋው በማስረጃ ሊመዘን ይገባዋል።

ዶኔፔዚል፣ ሪቫስቲግሚንና ጋላንታሚን በአንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋሉ። ሜማንቲን በግሉታሜት ተቀባዮች ላይ ይሠራል። አራቱም ምልክቶችን ለጊዜው ቢያስታግሡ እንጂ የበሽታውን ጉዞ አይገቱም። እ.ኤ.አ. በ2004 በላንሴት መጽሔት የታተመውና 565 ሕመምተኞች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት፣ ዶኔፔዚል ከ30 በሚታሰበው የአእምሮ መመዘኛ የ0.8 ነጥብ ብልጫ ቢያስገኝም፣ ወደ መጦሪያ ተቋም መግባትን በጉልህ እንዳላስቀረ አሳይቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከታቀደው እጅግ ማነሱ ጥናቱን ቢያስተቸውም፣ ያነሣው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ በ1,795 ሰዎች ላይ ተፈትኖ፣ በ18 ወራት ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘገየ ተብሏል። ይኸው ቁጥር 18 ነጥብ ባለው መለኪያ ሲታይ የ0.45 ነጥብ ልዩነት ነው። በአንጻሩ መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት ግን 1.7 በመቶ ብቻ በኤምአርአይ የአንጎል እብጠት ታይቶባቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር መሰጠቱና ተደጋጋሚ ኤምአርአይ መጠየቁም አይዘነጋም።

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለሆነም አብዛኛው ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚታየው በጠቅላላ ሐኪም፣ በጤና መኮንን ወይም በነርስ ነው። በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ ያለው የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ አዲስ መድኃኒት መጨመር ሳይሆን የቆዩትን መመርመር ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ ትራይሄክሲፌኒዲልና ክሎርፌኒራሚን የአሴቲልኮሊንን ሥራ ስለሚያግዱ የአረጋዊን ትውስታ ያደበዝዛሉ። ዶኔፔዚልን ከእነርሱ ጋር ማዘዝ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ነው። ሆኖም በድንገት ማቋረጥ ጉዳት ስላለው፣ ካዘዘው ሐኪም ጋር በመመካከር ቀስ በቀስ መቀነስ ይገባል። የታይሮይድ ሆርሞንና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ እንዲሁም ከጭንቅላት ምት በኋላ የሚከሰት የደም ክምችት መፈተሽ አለባቸው።

ከዚህ በኋላ ዶኔፔዚል ቢታዘዝ የልብ ምትን መዝግቦ መከታተል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በሕመምተኛው የዕለት ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ ከአስታማሚው መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥቅም ካልታየ መድኃኒቱን ማቆም ሕክምናን መንፈግ አይደለም፤ የቤተሰቡን ጥሪት ለአስታማሚና ለቀለብ ማትረፍ ነው።