ስለ መቅደላው ሽጉጥና ስለ ደብረ ታቦሩ መንገድ

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ የኖርሁ አስተማሪ ነኝ። ጧት ደወል ይደወላል፤ ስም እጠራለሁ፤ ማታ ደብተር አርማለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ከክፍል መካከል ተነሥቶ «ጋሼ፥ እንዲህ ከመኖርስ እንደ ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ቀን መሞት ይሻላል» አለኝ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። እኔ ግን ዓይኑን ባየሁት ጊዜ እንደማይቀልድ ስለ ተረዳሁ ደነገጥሁ።

እንዳልቈጣው አፌን የያዘኝ የራሴ ወጣትነት ነው። የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» ሳነብ ወደ መጨረሻው ገጽ እቸኩል ነበርና። የደራሲዎቹን ጥበብ አልነቅፍም፤ የምነቅፈው የእኛን የአንባቢዎችንና የተመልካቾችን ልማድ ነው። በሥዕሉም በቴአትሩም በፉከራውም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የተተኰሰችው አንዲት ጥይት የንጉሡን ሕይወት ሁሉ ሸፍናዋለች። ሽጉጡ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩላቸው ስጦታ መሆኑም ነገሩን ለተራኪ አጣፍጦለታል።

ከዚያች ቀን በፊት የነበሩትን ስድስት ወር ያህል ጊዜያት ግን ማን ያነሣቸዋል? ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል፥ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋው መድፍ፥ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። መንገድ ስላልነበረ ቋጥኙ እየተፈለጠ፥ ገደሉ እየተናደ መንገድ ተጠረገ። ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዛሬ ካቆሙበት ነገ ይጀምራሉ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። (የተገደደውንና የተራበውን ገበሬ አልረሳሁም፤ ያ መንገድ በፈቃድ ብቻ የተሠራ አይደለም።) ጥይት ለመተረክ ቀላል ናት። መንገድ መጥረግ ግን ገጽ ይፈጃል፤ ተመልካችም ያዛጋል። ስለዚህ ልጆቻችን የሰውየውን አሟሟት በቃላቸው ሲያውቁ፥ ውሎአቸውን አያውቁም።

በማግሥቱ ልጁን ብቻውን ጠራሁት። አስቀድሜ ስለ ቴዎድሮስ አላነሣሁበትም፤ ስለ ቤቱ፥ ስለ እንቅልፉ፥ ስለሚያስጨንቀው ነገር ጠየቅሁት። ብዙ ነገር ነበረበት፤ እዚህ አልጽፈውም። ሲመሽ የመድፉን መንገድ ተረክሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ዳገቱንስ ጎተቱት፤ ቁልቁለቱ ላይ ተንከባሎ እንዳይጨርሳቸው በምን ያዙት?» ሲል ጠየቀኝ። በቂ መልስ ስላልነበረኝ ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍት አብረን ልንፈልግ ተቀጣጠርን።