ሰርጂዮ ሊዮኔ ለኤኒዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ የሰጠው ግምት

በፊልም ሥራ የሙዚቃ ደራሲ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በመጨረሻ ነው። ሥዕሉ ተነሥቶ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ ካለቀ በኋላ፣ በተሰፋ ልብስ ላይ ቁልፍ እንደሚተክል ሰው የጎደለውን እንዲሞላ ይታዘዛል። የጣሊያኑ አዘጋጅ ሰርጂዮ ሊዮኔ (1929–1989) ግን ይህን ልማድ ገልብጦታል።

ሊዮኔና ኤኒዮ ሞሪኮኔ (1928–2020) በልጅነታቸው ሮማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። በሥራ የተገናኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 «አንድ እፍኝ ዶላር» በተባለው ፊልም ነው። ከዚያ እስከ 1984 ሊዮኔ ያዘጋጃቸው ስድስት ፊልሞች ሁሉ ሙዚቃቸው የሞሪኮኔ ድርሰት ነው። ሊዮኔም ሞሪኮኔን ከፊልም ጸሐፊዎቼ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው እያለ ያመሰግነው ነበር። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ምስጋናው የወዳጅነት ቃል ብቻ ነውን? ወይስ በሥራው ይመሰከራል?

ምስክሩ በ1968 የወጣው «ከዕለታት አንድ ቀን በምዕራብ» ነው። ዋና ዋናዎቹ ዜማዎች የተደረሱት ፊልሙ ከመነሣቱ በፊት ሲሆን፣ በቀረጻው ቦታም ለተዋንያኑ ይሰሙ ነበር። ጂል የተባለችው ሴት ከባቡር ወርዳ የሚቀበላት ስታጣ፣ ካሜራው በጣቢያው ቤት መስኮት አሻግሮ ያያታል፤ ቀጥሎም ዜማው ከፍ ሲል አብሮት ከጣራው በላይ ይወጣና ከተማውን ያሳያል። እዚህ ላይ ሥዕሉ ሙዚቃውን ይከተላል እንጂ ሙዚቃው ሥዕሉን አይከተልም።

ከዚህም የሚበልጠው የአርሞኒካው ነገር ነው። አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው በንግግር ፈንታ አርሞኒካ ይነፋል። ተመልካቹ ድምፁን በመጀመሪያ እንደ ማስፈራሪያ ብቻ ይሰማዋል። በፍጻሜው ግን፣ ወንድሙ በተሰቀለበት ቀን ገዳዩ ፍራንክ ያንን አርሞኒካ በልጁ አፍ እንደ ወተፈ እንረዳለን። ፍራንክ ሊሞት ሲል አርሞኒካው በተራው በእርሱ አፍ ሲገባ፣ «አንተ ማነህ?» ለሚለው ጥያቄው ያለ አንዲት ቃል መልስ ያገኛል። በቅኔ አነጋገር፣ የዜማው ሰም ማስፈራራት፣ ወርቁ ኀዘን ነው። ይህን ምስጢር የያዘው ዜማው ስለ ሆነ፣ ሞሪኮኔን ጸሐፊ ማለት ማጋነን አይሆንም።

ተቃዋሚ፣ «ሙዚቃው ቢነሣ የሚቀረው እርስ በርሳቸው የሚፋጠጡ ሰዎች ብቻ ነው» ይል ይሆናል። ይህ ነቀፋ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በ1966ቱ «ደጉ፣ ክፉውና አስቀያሚው» መጨረሻ ላይ፣ በመቃብር ስፍራ የሚደረገው የሦስቱ ሰዎች ፍጥጫ ርዝመቱን የሚሸከምለት ዜማው ነው። ነገር ግን ሊዮኔ ባዶነትን በሙዚቃ የሚሸፍን አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ፣ የ1968ቱን ፊልም ያለ ዜማ ለመጀመር ባልደፈረም ነበር። በዚያ መክፈቻ ሦስት ነፍሰ ገዳዮች ባቡር ሲጠብቁ የምንሰማው የነፋስ መዘውር ሲጢጥ፣ ውኃ ሲንጠባጠብና ዝንብ ሲጮኽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የአርሞኒካ ድምፅ ሲመጣ ጆሯችን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ አዘጋጅ ሙዚቃን ማክበሩ የሚለካው በምስጋናው ብዛት ሳይሆን፣ ታሪኩን ለዜማ አደራ በመስጠቱና ዜማውን ዝም የሚያሰኝበትን ጊዜ በማወቁ ነው። ሊዮኔ ሁለቱንም አድርጓል።