ጦርነት ያስታረቀው ባንድ

አርመንና ሙዚቃ አብረው ሲነሡ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚሉት «አርባ ልጆች» ናቸው። ከ1915ቱ እልቂት የተረፉትን እነዚህን ወላጅ አልባ ልጆች አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም አግኝተው ወደ ሀገራችን አስመጧቸው። ልጆቹ የማርሽ ባንድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ከዚያው እልቂት የተረፉ ሌሎች አርመኖች ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ሶርያና ወደ አሜሪካ ተበተኑ። የዚህ ስደት ልጆችና የልጅ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያዋ ግሌንዴል ከተማ «ሲስተም ኦቭ ኤ ዳውን» የተሰኘውን ባንድ መሠረቱ። ድምፃዊው ሰርጅ ታንኪያን የተወለደው ቤይሩት ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ሻቮ ኦዳጂያን ዬሬቫን፤ ጊታር ተጫዋቹ ዳሮን ማላኪያን እዚያው ካሊፎርኒያ። ኋላ የተቀላቀላቸው ከበሮ መቺ ጆን ዶልማያንም የቤይሩት ልጅ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው እነዚህ አራት ሰዎች ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2020፣ ስላወጧቸው ሁለት አዳዲስ ዘፈኖች ነው። «አልበም እንኳ ላልሞላ ሥራ ይህ ሁሉ ሐተታ ለምኑ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ዘፈኖቹ የሚያነሡት ጥያቄ ከብዙ አልበም ይከብዳል። ለጦርነት የተዘፈነ ዘፈን በምን ይመዘናል?

ባንዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። አልተርኔቲቭ ሜታል የሚባለው ስልት የሄቪ ሜታልን ከባድ ጊታር እንደያዘ ከሌላው ሙዚቃም የፈለገውን የሚወስድ ስልት ነው። የ«ሲስተም» መታወቂያ ደግሞ አለመርጋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው «ቶክሲሲቲ» አልበም ውስጥ ያለውን «ቾፕ ሱይ» እንውሰድ። በለስላሳ ጊታር ይጀምራል፤ ወዲያው ቃላቱ እንደ ጥይት ይንጣጣሉ፤ ከዚያ ታንኪያን ቅዳሴ የቆመ ያህል ድምፁን አንቆርቁሮ ያዜማል። ቀልዱና ለቅሶው አይለያዩም። አድማጭ «ይህ ሰው እያሾፈ ነው ወይስ እያለቀሰ?» እያለ ሲጠይቅ ዘፈኑ ያልቃል። ያ አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወራት ልዩነት የወጡት «ሜዝመራይዝ» እና «ሂፕኖታይዝ»ም እንዲሁ አንደኛ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። መድረክ ላይ አልፎ አልፎ ቢገናኙም አዲስ ሥራ ለማውጣት አልተስማሙም። ስለ ድርሰት ድርሻ፣ ስለ ገቢ ክፍፍልና ስለ ሙዚቃው አቅጣጫ የነበራቸው ልዩነት አደባባይ ወጣ። ፖለቲካውም ታከለበት፤ ታንኪያን የታወቀ ግራ ዘመም ሲሆን ዶልማያን የትራምፕ ደጋፊ ሆነ። የሁለት እህትማማቾች ባሎች ናቸውና ክርክሩ እማዕድ ድረስ የሚከተል ነበር።

እነዚህን ሰዎች ያስማማው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2020 አዘርባይጃንና አርመኖች በናጎርኖ ካራባክ ምክንያት ዳግም ተዋጉ። ምድሪቱ በዓለም አቀፍ ሕግ የአዘርባይጃን ናት፤ ይኖሩባት የነበሩት ግን በአብዛኛው አርመኖች ናቸው። ባንዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ፕሮቴክት ዘ ላንድ» እና «ጄኖሳይዳል ሂዩማኖይድዝ»ን ቀርጾ አወጣ፤ ገቢውንም ለአርመን የርዳታ ድርጅት ሰጠ። ዘፈኖቹ ከወጡ በአራተኛው ቀን ጦርነቱ በአርመኖች ሽንፈት አበቃ።

ከሁለተኛው እንጀምር። «ጄኖሳይዳል ሂዩማኖይድዝ» ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጅ ሩጫ ነው። ባንዱን ከ1998 ጀምሮ ለሚከተል ሰው ጆሮ የሚያስደስተው ይኸኛው ነው። የዶልማያን ከበሮ አላረጀም፤ ምቱ ይቆረጣል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይጋልባል። የጎደለው ሳቁ ነው። ርእሱ ራሱ ጠላትን «ሰው መሳይ ዘር አጥፊ» ብሎ ከሰው ተራ ያወጣል። አያቶቹ ከሰው ተራ ወጥተው የታረዱበት ባንድ ይህን ቃል ሲመርጥ ቁጣው ይገባናል፤ ምርጫው ግን ያስደነግጠናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገው የመጀመሪያው የካራባክ ጦርነት ብዙ መቶ ሺህ አዘርባይጃናውያን ከቤታቸው መፈናቀላቸውን ዘፈኑ አያውቅም፤ ወይም ማወቅ አይፈልግም።

«ፕሮቴክት ዘ ላንድ»፣ ማለትም «መሬቱን ጠብቅ»፣ ሌላ ነው። ማላኪያን መጀመሪያ ያሰበው «ስካርስ ኦን ብሮድዌይ» ለተባለው ለሌላው ባንዱ ነበር፤ ይህም ያስታውቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ርምጃ ይሄዳል። ጊታሩ ከባድ ሸክም እንደያዘ ሰው ቀስ ይላል፤ ማላኪያንና ታንኪያን ድምፃቸውን አጣምረው ያዜማሉ። ያ የድሮው መገለባበጥ የለም። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ቅር አለኝ። ዜማው ያምራል፤ ግን መልእክቱ ቀድሞ የተሰጠው መዝሙር መስሎ ታየኝ።

ቅሬታዬን ያባሰው ትዝታ ነው። ይኸው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2005 «ቢ ዋይ ኦ ቢ» በተሰኘው ዘፈኑ በኢራቅ ጦርነት ላይ ሲሳለቅ ፍርሃት አያውቅም ነበር። በዘፈኑ መሐል የጭፈራ ቤት ምት አስገብቶ ጦርነትን እንደ ድግስ አቀረበው፤ የሚያውጁት ሌሎች፣ የሚሞቱት ድሆች መሆናቸውን በሹፈት ነገረን። ታዲያ ተኩሱ የራስ መንደር ሲደርስ ሹፈቱ ወዴት ሄደ?

ጥያቄው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዘፈኖቹ በወጡበት በዚያው ሳምንት በሀገራችን ሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በየወገኑም ዘፈን ተዘፈነ። ሽለላና ቀረርቶ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ደም ሲሞቅ ሁሉም ያምራል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ስንቱን ዘፈን ያለ ኀፍረት ደግመን ለመስማት እንደፍራለን? ለእኔ መመዘኛው ይህ ነው። የጦርነት ዘፈን የሚመዘነው በተዘፈነበት ዕለት ሳይሆን ጥይቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

በዚህ ሚዛን «መሬቱን ጠብቅ»ን እንደገና ማድመጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አዘርባይጃን ካራባክን ሙሉ በሙሉ ስትቆጣጠር ከ100,000 በላይ አርመኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ንብረታቸውን በመኪና ጭነው ወጡ። እንዲጠበቅ የተዘፈነለት መሬት ጠባቂ አጣ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ስሰማው የቀድሞ ቅሬታዬ አብሮኝ የለም። አልሮጥ ያለው ጊታር፣ የተጣመሩት ሁለት ድምፆች፣ ያ አንድ ዓይነት ርምጃ፣ ሁሉም የለቀስተኛ ርምጃ ሆነው አገኘኋቸው። ማላኪያን ሽለላ ጻፍኩ ሲል ሳያውቀው ሙሾ ጽፎ ኖሯል። ወንድሙ «ሂዩማኖይድዝ» ግን በ2020 ቁጣ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ዛሬ የሚደመጠው ለከበሮው ሲባል ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሁለቱ ዘፈኖች «ቶክሲሲቲ»ን አይተኩም። የባንዱን ብልኀት ሙሉ ለሙሉ የሚያሳዩም አይደሉም፤ ያገናኛቸው ሙዚቃ ሳይሆን ሐዘን ነውና። አንደኛው ግን ከተዘፈነለት ጦርነት ዕድሜው በልጧል። ይህ ለብዙ የጦርነት ዘፈን አይሆንለትም። ሜታል ጩኸት ብቻ ነው የሚል ወዳጅ ያለው አንባቢ ይህን ዘፈን ይጋብዘው፤ መቼና ለምን እንደተሠራ ግን ከሰማው በኋላ ይንገረው።