ክር ልገዛ ነው

አንድ ፌስታል አለ። ከሶፋው ጀርባ፣ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወይም ከአልጋው ሥር ነው የሚውለው። ቢበረበር ሁለት ረጃጅም መርፌዎች እንደተሰኩበት የቀረ የሹራብ ጀርባ፣ ግማሹ ላይ የቆመ የሕፃን ኮፍያ፣ የምግብ ጠረጴዛ ይሸፍናል ተብሎ ተጀምሮ ሬዲዮ እንኳ የማይሸፍን ዳንቴል ይወጣል። ከሥሩ ደግሞ ወረቀቱ ያልተላጠ፣ እጅ ያልነካው አዲስ ክር አለ። የሕፃኑ ኮፍያ ባለቤት ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገብቷል።

ስለዚህ ፌስታል በቤቱ ውስጥ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ባል ይቀልድበታል፣ ልጆች ይስቁበታል፣ እንግዳ ያየው እንደሆነ «አሁንም አላለቀም እንዴ?» ይላል። የፌስታሉ ባለቤት ግን ቅዳሜ ሲመጣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ «መርካቶ ደርሼ መጣሁ፣ ክር ልገዛ ነው» ትላለች። ያ ሁሉ ሳያልቅ!

እስቲ ከክሱ እንጀምር፤ ክሱ ውስጥ እውነት አለና። እነዚህ ሴቶች አገዛዝ አያውቁም። መርካቶ የሚወርዱት ምን እንደሚሠሩ ወስነው ሳይሆን ቀለሙ እንዲወስንላቸው ነው። ሱቁ በር ላይ የተደረደረውን ቀይ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ የውሃ ሰማያዊ ሲያዩ እጃቸው ቀድሟቸው ይሄዳል። ይዳስሳሉ፣ ጉንጫቸው ላይ ያስጠጋሉ (የክር ልስላሴ የሚለካው በጉንጭ ነው፣ በእጅ ብቻ የሚገዛ ሰው ይሸወዳል)፣ ከዚያ «አራት ስጠኝ ወንድሜ» ነው። ለምን አራት? እንጃ! ለኮፍያ ይበዛል፣ ለሹራብ ያንሳል። ለአንድ አዋቂ ሰው ሹራብ፣ እንደ ክሩ ውፍረትና እንደ ሰውየው ቁመና ይለያይ እንጂ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ክር ይሄዳል። ልቃቂቱ 100 ግራም ከሆነ አራቱ ደረትና ጀርባውን ጨርሰው ክንዱ ላይ ሲደርሱ ያልቃሉ።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ለክንዱ ክር ፍለጋ ሲወጣ ነው። ፋብሪካ ክርን የሚያቀልመው በዙር በዙር ነው። አንድ ገንዳ ውስጥ አብሮ የተነከረው ክር አንድ ዓይነት ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የተነከረው በስም ያው «ቀይ» ቢሆንም ትንሽ ይደምቃል ወይም ትንሽ ይፈዛል። ለዚህ ነው ልቃቂቱ ላይ በተጠመጠመው ወረቀት ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የማቅለሚያው ዙር ቁጥር የሚታተመው። ያ ወረቀት ደግሞ መጀመሪያ ተልጦ የሚጣለው ነገር ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ከወር በኋላ የሹራቡን ቅዳጅ ክር በጣቷ ጠምጥማ ሱቁ ትመለሳለች። ነጋዴው በሱቁ አምፖል ሥር ያስተያየውና «ያው ነው እናቴ፣ አንድ ዕቃ ነው» ይላታል። አምፖሉ ሥር እውነትም ያው ነው። ቤት ገብታ ክንዱን ሠርታ በመስኮት ብርሃን ስታየው ግን ሹራቡ ከሁለት ሰው ገላ የተገፈፈ ይመስላል። ይህንን የሚያውቁ ገዢዎች ክሩን ይዘው ወደ በር ወጣ ብለው በፀሐይ ያዩታል፤ ነጋዴው «ይዛብኝ ልትሮጥ ነው» ብሎ ቢያፈጥም አይሰሙትም። ደንበኛው ስትሄድ ስትመጣ የሚያያት ነጋዴ የአንዱን ዙር ክር ከሌላው ሳይደባልቅ ቢያስቀምጥላት ምን ነበረበት? እዚያ ፌስታል ውስጥ ክንድ አልባ ሆነው ከቀሩት ሹራቦች ብዙዎቹ የስንፍና ሳይሆን የዚህ «ያው ነው» ውጤት ናቸው።

ክሩም ቢሆን እንደ ድሮው አልሆነም። አብዛኛው ከውጭ የሚገባ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ማለት ከነዳጅ ዘር የሚወጣ፣ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1950 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ይታጠባል፣ ብል አይበላውም፣ ካውያ ካረፈበት ግን አለቀለት፣ ሙሽሽ ብሎ ይቀራል። ይህ ሁሉ በግ ባለበት አገር ከሱፍ የተሠራ ለስላሳ ክር ብርቅ መሆኑ ያስቃል። የመንዝ በግ ሱፍ አለው፤ ባናና በርኖስ ይሠራበታል፣ ብርድንም እንዳይሆን አድርጎ ይመልሳል፤ ለሕፃን አንገት ግን ይሻክራል። እናም ከውጭ የሚመጣው ላይ ተንጠልጥለናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያው ከተለቀቀ በኋላ የልቃቂት ዋጋ ሲነሳ ሴቶቹ ራሳቸውን ይይዛሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳው እሳት ስንቱን ሱቅ እንደበላ ሰምተናል። በዚያ ሰሞን አንዲት የማውቃት የባንክ ሠራተኛ፣ «የልጅቷን ሱቅ ነክቶት ይሆን?» እያለች ስትብሰለሰል ሰንብታለች። «ልጅቷ» ማለት ሲያዩአት ቀለሟን የምታውቅላት ክር ሻጭ ናት። በዚህች ከተማ «ምን ቀለም ትወጃለሽ?» ሳይል የሚያውቅልሽ ስንት ሰው አለ?

እንግዲህ ክሱን ተቀበልን። አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንሂድ።

አንድ ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የአንድ ሹራብ ሥራ ስንት እንደሚሆን አስልቼዋለሁ። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር አሥር ሳንቲ ሜትር ወርድ ላይ 20 ቀለበት፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ 28 መስመር ይገባል እንበል። ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሹራብ ደረት 16,800 ቀለበት ይወጣዋል። ጀርባውም እንደዚያው። ሁለቱ ክንዶች በድምሩ 18,000 ገደማ ይሆናሉ። ሲጠቃለል ከ51,000 በላይ ነው። በደቂቃ 25 ቀለበት የምትሠራ ፈጣን እጅ ያላት ሴት ያለ ዕረፍት ከ34 ሰዓት በላይ ትቀመጣለች ማለት ነው፤ የሳምንት የቢሮ ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው? የባል እህት ግን መጥታ «እትዬ፣ ለኔም አንድ ሥሪልኝ፣ ክሩን እኔ እገዛለሁ» ትላለች። ክሩን! ሠላሳ አራቱን ሰዓት የሚገዛውስ ማነው?

ታዲያ ይህን ያህል ሰዓት ከየት ይመጣል? ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሙሉ ቀን ሠርታ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ እራት አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ «ውሃ ስጪኝ»፣ «ካልሲዬ የት አለ?»፣ «ሻይ አይፈላም?» ይከተላል። ኪሮሹን ካነሳች ግን ሁኔታው ይለወጣል። «ቆይ፣ ቀለበት እየቆጠርኩ ነው» ስትል ይታመንላታል። ልጁ ራሱ ተነስቶ ውሃ ይቀዳል። ኪሮሹ የማረፊያ ፈቃድ ወረቀት ነው። በቤታችን ሴት እንድትቀመጥ የሚፈቀደው እየሠራች ከሆነ ብቻ ነው፤ እሷም ይህን ስላወቀች ሥራ የሚመስል ዕረፍት አበጀች።

«እጇ አያርፍም» የሚለውን ምስጋና እስቲ ደግማችሁ ስሙት። ለሴት ከምንሰጣቸው ትላልቅ ሙገሳዎች አንዱ ነው፤ ለቅሶ ቤት ይነገራል፣ ለሽምግልና ሲኬድ ይነገራል። ወንድን «እግሩ አያርፍም» ብንለው ግን ስድብ ይሆናል።

ይህ የተጀመረው በኪሮሽ አይደለም። ኪሮሹም ዳንቴሉም የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። «ዳንቴል» ከፈረንሳይ ነው። «ሹራብ» ከዐረብ ነው፤ እነሱ ግን ቃሉን የሚጠሩበት እግር ላይ ለሚጠለቀው ነው። (እኛ እግር ላይ ለሚጠለቀው ደግሞ ከጣሊያን «ካልሲ»ን ተበደርን፤ ለደረት የዐረብን፣ ለእግር የጣሊያንን መሆኑ ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ዕቃዎች እስካሁን ከተገኙት ጥንታዊዎቹ ከግብጽ የወጡ፣ ወደ አንድ ሺህ ዓመት የሚጠጉ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው።) እንዝርት፣ ባዘቶና ልቃቂት ግን የራሳችን ናቸው። ሴት አያቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ አባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ ማጉን በልቃቂት ጠቅልለው ለሸማኔ ይሰጡ ነበር። ዛሬም የሚሰጡ አሉ። ጎረቤት ቡና ሲጠሩ እንዝርቱን ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ባዶ እጅ ተቀምጦ ማውራት ነውር ነዋ። ሸማኔው ወንድ ነው። እሱ ሲጨርስ ሥራው ስም ያገኛል፤ ጋቢ ይባላል፣ ኩታ ይባላል፣ ነጠላ ይባላል። የፈታይዋ ሥራ መጨረሻ የለውም፤ አንዱ ልቃቂት ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። «ድር ቢያብር» እያልን በየስብሰባው ስንተርት ድሩንም ማጉንም ማን እንደፈተለው አንስተን አናውቅም። ግን ደግሞ ፈታይዋን «አሁንም አልጨረስሽም?» ብሎ ያሾፈባት ሰው አልነበረም። ያለማለቁ የተፈቀደ ነበር።

የልጅ ልጇ ሹራብ ስትጀምር ነው «መጨረስ» የመጣው። አሁን ደግሞ ከመጨረስ አልፎ «ለምን አትሸጭውም?» ተጨምሯል። ወጣቶቹ ከዩቲዩብ እያዩ የኪሮሽ ቦርሳና አሻንጉሊት እየሠሩ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣሉ። ይበል ነው፤ ገንዘብ የምትፈልግ ትሽጥ። ግን ቢሮ ውሎ ለመጣ ሰው ያለችውን አንዲት የግል ሰዓት ወደ ትዕዛዝ፣ ወደ ቀጠሮ፣ «እስከ ፋሲካ ታደርሺልኛለሽ?» ወደሚል ስልክ መለወጥ ምን የሚሉት ምክር ነው? ደመወዙ የማይበቃው ባልስ ድራፍት ቤት ተቀምጦ የእንግሊዝ ኳስ በዲኤስቲቪ ሲያይ «ለምን አትሸጠውም?» የሚለው አለ? ከረንቡላ ተጫውቶ ሲገባስ «ጨረስከው?» ይባላል? እሱ የሚዝናናው ሊዝናና ነው። እሷ ግን ለዕረፍቷ በመጨረሻ ቁራጭ ጨርቅ ማስረከብ አለባት።

የቅዳሜው የመርካቶ ጉዞም በዚሁ ዓይን ቢታይ አይከፋም። ሴት «እንዲሁ ዞር ዞር ልበል» ብላ ከቤት ብትወጣ ጥያቄው አያልቅም። የት? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ? «ክር ልገዛ ነው» ግን ጥያቄ የለበትም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀለም እየዳሰሰች፣ ዋጋ እየተከራከረች፣ ከማታውቃት ሴት ጋር «ይሄ ለሕፃን አይሆንም?» እየተባባለች ትዞራለች። ሁለት ልቃቂት ይዛ ስትመለስ ፊቷን አይታችሁታል? ቤት ከገባች በኋላ ዋጋውን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች፤ «በርካሽ ነው ያገኘሁት» ትላለች። ይህን ውሸት አልወደውም። በራሷ ደመወዝ የገዛችውን ክር እንደ ሰረቀችው ዕቃ ከቁም ሣጥን ጀርባ መደበቋንም አልወደውም። ከሁሉ ይበልጥ የማልወደው ግን ይህችው ሴት ልጇ ስልኳን ይዛ ሶፋ ላይ ጋደም ስትል «እጅሽን አትፈቺ፣ ተነሺ አንድ ነገር ሥሪ» ማለቷን ነው። ወንድ ልጇ አጠገቡ ተጋድሟል፤ እሱን አላየችውም።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አውቃለሁ። ለአሥር ዓመት ያህል በአንድ ግራጫ ክር ነው የሚሠሩት። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ «ምን ላምጣልዎት?» ቢላቸው «ኧረ ክር አለኝ» ይላሉ። ሹራቡን አንድ ጊዜ ለባለቤታቸው አደረሱት፤ እሳቸውም ለኩት፣ ልክ ነበር፣ ቤተሰቡም አጨበጨበ። በማግስቱ ማታ እራት ከተነሳ በኋላ መምህርቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው «እንግዲህ ሥራ የለሽም፣ እስቲ ሻይ አፊልን» አሏቸው። ሻዩን አፈሉ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ሹራቡ ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ፣ ከአንገቱ ጀምረው እየተረተሩ ክሩን መልሰው በልቃቂት ሲጠቀልሉ ደረስኩ።

«ምነው እትዬ፣ አልቆ አልነበረም እንዴ?»

«አንገቱ ጠበበው» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።