ከቦሌ እስከ ቤሌ

ሶፍትዌር ሲሳካ የሚመሰገነው ኮድ ጸሐፊው ነው። እኔ የማደንቀው ግን የተጠቃሚ ልምድ አጥኚውን ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ሥራ አይመስልም፤ ሰው ስልክ ሲነካካ አጠገቡ ተቀምጦ ማየት። «የምንፈትነው መተግበሪያውን እንጂ እርስዎን አይደለም» ይልና እጁን ይሰበስባል። ጣት ቁልፉን አጥታ ስትንከራተት እያዩ ዝም ማለት! (እኔ ብሆን ስልኩን ነጥቄ እነካዋለሁ።)

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የስልክ ገንዘብ ወደ ገበያ ገብቷል። ወላይታ፣ ቤሌ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ እናት በወዛ ጣቷ ስክሪኑን እንዴት ትነካዋለች? ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ በዚያ ማንበብ የለመደ ልጇ የአማርኛውን መልእክት ሲያነብላት የቱ ላይ ይደናቀፋል? ይህ ቢሮ ተቀምጦ አይገመትም፤ ቅቤው አጠገብ ቁጭ ማለት ይጠይቃል።

የተጠቃሚ ልምድ ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. በአምስት ሰው መፈተን አብዛኛውን ችግር ያወጣል ብሎ ጽፏል። ጥሩ መነሻ ነው። አምስቱም ከቦሌ ከሆኑ ግን ቤሌ ይቀራል።

አጥኚ በሌለበት ሻጯ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብላ ስልኩን ታስቀምጣለች። አጥኚው ካለ ማስታወሻው ላይ «ቁልፉ አይታይም» ተብሎ ይጻፋል።