ከማደሪያው የሚጀምር ጉዞ

«የቤተሰብ ጉዞ አዘጋጅልን» ብለው የሚመጡ ሰዎች ካርታ ሲዘረጉ ጣታቸው መጀመሪያ የሚያርፈው መድረሻው ላይ ነው። ምሥራቅ ሱዳን ያለችው ወድ ኤል ሒለው ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መንገዱ አስፋልት ነው ወይ? ሰቲት ወንዝ ዳር ድንኳን መትከል ይቻላል? ጎንደር ሆኜ፣ በመተማ በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን በመኪና የሚሻገሩ ቤተሰቦችን ጉዞ ሳሰናዳ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ለእነዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የት ናችሁ? የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ ካልታወቀ የመነሻው ሰዓት አይታወቅም። የመነሻው ሰዓት ካልታወቀ ደግሞ ኬላው ላይ መቼ እንደሚደረስ፣ ነዳጅ የት እንደሚቀዳ፣ ልጆቹ ምሳቸውን የት እንደሚበሉ አይታወቅም። የጉዞ ዕቅድ ከማታው ተነስቶ ወደ ጠዋቱ እየተመለሰ ይሠራል።

ብዙዎቹ ቤተሰቦች ለሽርሽር ብቻ አይሄዱም ነበር። በደርግ ዘመን በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ የወጡ፣ በኡም ራኩባ ወይም በወድ ኤል ሒለው በስደት ዓመታት ያሳለፉ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የዘለቁ ሰዎች አሉባቸው። ልጆቻቸው ታሪኩን ሰምተዋል እንጂ ቦታውን አላዩትም። ወላጆች በሌሊት ያቋረጡትን አገር በቀን ብርሃን፣ ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ሊያዩት ይፈልጋሉ። ለእንዲህ ያለ ጉዞ በግምት መነሳት ሰውን አለማክበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው መንገዱ ለቤተሰብ በማይሆንበት ጊዜ ነው። ሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ገብታለች፤ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀሉ ሰዎች መጠጊያ ሆናለች። በእኛም በኩል፣ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት አለ፤ በመተማ አካባቢ ደግሞ በኩመርና በአውላላ የሱዳን ስደተኞች ተጠልለው ነበር። ዛሬ ልጆቹን ይዞ በዚያ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ፣ «አይሆንም» ብዬ እመልሰዋለሁ። ነገር ግን መንገድ ተከፈተ በተባለ ማግስት በናፍቆት ተጣድፈው የሚነሱ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁና፣ የማውቀውን አሁኑኑ ማስቀመጥ እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ውሳኔ ወቅት ነው። የኛ ተማሪዎች ረጅም ዕረፍት ክረምት ላይ ይውላል፤ ውጭ አገር የሚኖሩትም ዘመዶቻችን የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የገዳሪፍ ምድር ግን ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ መኪናውን ባለበት ያስቀረዋል። አስፋልቱን ትቶ ወደ እርሻ መንገድ የወጣ መኪና አንድ ዶፍ ከወረደበት፣ መሬቱ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር ከኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1861 በዚሁ አገር ሲጓዝ፣ ክረምቱን የተሻገረው በአትባራ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ተቀምጦ ነው። የአካባቢው ዘላኖች ጭቃውንና ከብት የሚጨርሰውን ዝንብ ሸሽተው ግመሎቻቸውን ወደ ደረቁ ሰሜን ይነዱ ነበር። ቤከር በሰቲት ዳር ከሐምራን ጎሳ አዳኞች ጋር የተዘዋወረው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ የዘላኖች አቆጣጠር ዛሬም ከማንኛውም የጉዞ መመሪያ ይበልጥ ይታመናል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ከጥምቀት በኋላ ያለውን የመንፈቀ ዓመት የትምህርት ዕረፍት ነው። ሰሊጡ ተነስቷል፣ ማሽላውም ተወቅቷል፤ መሬቱ ደርቋል፤ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። መጋቢት ከገባ ሙቀቱ ለሕፃንና ለሽማግሌ ይከብዳል፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ መተማ 700 ሜትር አካባቢ ናት። ይህ ሁሉ ቁልቁለት በግማሽ ቀን ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ሰውነት እንዲላመድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ድንኳን አላስነካም። አንደኛው ገንዳ ውኃ፣ ሁለተኛው ገዳሪፍ፣ ሁለቱም ከጣሪያ በታች። አንዲት አያት ከመነሳታችን በፊት ስለዚህ የጠየቁኝን አስታውሳለሁ።

«ልጄ፣ ማታ የት ነው የምታሳድረን?»

«ገንዳ ውኃ፣ እማማ። ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ።»

«ድንኳኑስ?»

«ለሦስተኛው ሌሊት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና። ሰው ደክሞት እያለ ሜዳ ላይ አይጣልም።»

ስለ ሦስተኛው ሌሊት ብዙ መናገር አለብኝ፤ የዚህ ሙያ ዋና ነገር እዚያ ላይ ነውና። ከደጋ የመጣ ሰው ዓይኑ ወዲያው የሚያርፈው ትልቅ ግራር ላይ ነው። ጥላ አለው፣ ነፋስ አለው፣ ለፎቶም ያምራል። በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ ቆላ ግን ከግራር ወይም ከበደኖ ሥር በመረሬ ላይ ማደር ካላዛርን መጥራት ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ በጣም ታንሳለች፤ በተራ አጎበር ቀዳዳ ታልፋለች። ቀን በመሬቱ ስንጥቅና በዛፎች አካባቢ ተደብቃ ትውላለች፤ ሲመሽ ትወጣለች። በየዓመቱ ለአጨዳ ከደጋ ወርደው ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች በብዛት የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው። ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው።

ስለዚህ የዛፍ ጥላ የቀን ነው። ምሳ ይበላበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ይለቀቃል። ድንኳኑ የሚተከለው ስንጥቅ በሌለበት ከፍ ያለ መሬት ላይ ነው፤ ኮረት ወይም ድንጋያማ ጥግ ቢገኝ ይመረጣል፤ ከዛፍም፣ ከኩይሳም፣ ከከብት በረትም ይርቃል። የድንኳኑ መረብ ዓይን የጠበበ መሆን አለበት፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከውስጥ ይጨመርበታል። ጨለማ ሳይወድቅ ልጆች እጀ ረጅምና ሱሪ ለብሰው ይገባሉ፤ ዚፑ ይዘጋል። የወባ መከላከያውን ሐኪም አስቀድሞ ይወስናል። ከሁሉ በላይ ለቤተሰቡ አንድ ወረቀት እሰጣለሁ፤ ከጉዞው በኋላ ባሉት ወራት ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት የያዘው ሰው ለሐኪሙ በምሥራቅ ሱዳን ቆላ ማደሩን እንዲናገር። ካላዛር ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል፣ ሚኒሶታ ያለ ሐኪም ካልተነገረው ላይጠረጥረው ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ግን ለዚሁ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ።

ሌላው መታለያ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅም የለውም። ቤከር እ.ኤ.አ. ሰኔ 1861 ላይ በደረቀው አትባራ ዳር ተኝቶ ሳለ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎቹ «ወንዙ መጣ!» እያሉ ጮኹ። እሱ ባለበት ዝናብ አልዘነበም። ውኃው የመጣው ከእኛ ደጋ ነው። ይህ ለጎንደር ልጅ ግልጽ ሊሆን ይገባዋል፤ አትባራ ማለት ጓንግ ነው፤ ሰቲት ማለት ተከዜ ነው። ጭልጋ ላይ የዘነበው ሱዳን ውስጥ ጠራራ ፀሐይ እያለ ይደርሳል። በበጋም ቢሆን አሸዋው ላይ አላሳድርም፤ ልጆች በበጋ የለመዱትን በክረምት ይደግሙታልና።

በሰቲትና በላይኛው አትባራ ላይ የተሠሩት ሩሜላና ቡርዳና ግድቦች እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመረቁ ወዲህ ደግሞ ከግድቦቹ በላይ ያለው የወንዞቹ ሸለቆ ሐይቅ ሆኗል። የቆየ ካርታ የሚያሳየው የወንዝ ዳር መንገድ ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የውኃው ጠርዝም እንደ ወቅቱ ይገፋል፣ ይሸሻል። ከጠርዙ ርቆ መስፈር ግድ ነው። መዋኘት የለም፤ አዞ አለ፣ ቢልሃርዝያም አለ። ልጆቹን የማስደስታቸው በሌላ ነገር ነው። ላሊበላ ሄደው ተከዜን ያዩ ልጆች ያው ውኃ ሰቲት ተብሎ፣ ሰፍቶና ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሲያዩ፣ ጂኦግራፊ ከክፍል ውጭ ምን እንደሚመስል ይገባቸዋል።

ከዚያ የቦታው ባለቤቶች አሉ። በዚህ ምድር ላይ ድንኳን የመዝናኛ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን በየተራ ተጠልለውበታል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከሑመራ አካባቢ ተከዜን የተሻገሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጀመሪያ ያረፉት በሐምዳይት ነበር። ሐበሻ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ድንኳን ሲተክል ያየ ፖሊስ ስደተኛ ናቸው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጉዞው ለምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለሱ የሚገልጽ የዓረብኛ ደብዳቤ በፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። በአቅራቢያው ወዳለው መንደር የሚገባው ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለ ነው፤ የቤተሰቡ ታላቅ ሰው ከሾፌሩ ጋር ወደ መንደሩ ሼክ ይሄዳል፤ ቦታውን እሳቸው ያሳያሉ። ሻይ ይቀርባል፤ አይታለፍም። ብዙ ጊዜ «ሜዳ ላይ ለምን ታድራላችሁ? ግቢያችን አለ» ይባላል። ግቢው ውስጥ መትከል ከሜዳው ይሻላል ብዬ እመክራለሁ፤ ልጆች ከልጆች ጋር ይጫወታሉ፣ እናቶችም ጀበና ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከስደተኛ ሰፈር አጠገብ ግን ለመዝናናት ድንኳን አልተክልም። ዘመድ ለመጠየቅ ከሆነ በቀን ተገብቶ በቀን ይወጣል፤ ካሜራው መኪና ውስጥ ይቆያል።

ኬላው ራሱ ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ ከተመረጠለት። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ ሰዓቷን ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋለች። መተማ ላይ ስድስት ሰዓት ቀትር ሲሆን ከድልድዩ ማዶ፣ በሱዳኗ ገላባት፣ የግድግዳው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ አንድ ይላል። ጠዋት ሲሻገሩ ይህ ትርፍ ነው፤ ሲመለሱ ግን ሰዓቱ ይቀማል። የሱዳን መሥሪያ ቤቶች ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ የኛው እሑድ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ሰኞና ማክሰኞ ይመረጣሉ። ለመኪናው ሊብሬ፣ የጉምሩክ ጊዜያዊ የመውጫ ፈቃድ፣ መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልና፣ እንዲሁም ሁለቱም አገሮች የሚቀበሉት የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መድን ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባቱም ካርድ ቢጫ ነውና ሁለቱ ለየብቻ ይያዙ። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ ፈረንጆች ካርኔ የተባለውን የመኪና የጉምሩክ ሰነድ ይዘው የሚመጡት በዚሁ በገላባት ነበር፤ ባለ ውጭ አገር ታርጋ ዘመዶቻችንም ስለዚሁ ሰነድ የሚኖሩበትን አገር የአውቶሞቢል ክበብ ቀደም ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ዕቃ መጫን ላይ አጭር ነኝ። ከባዱ ነገር ወለል ላይ፣ ቀላሉ ፖርቶመጋላ ላይ፤ እስኮርታው፣ ክሪኩና ትርፍ ቺንጋው ሳይራገፍ የሚደረስበት ቦታ ላይ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ በአንድ ትልቅ በርሜል ሳይሆን በትናንሽ ጀሪካኖች፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይቀራል። ምግቡ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮና ቆሎ ነው። የጾም ቀን ላይ ገዳሪፍ ራሷ ታበላለች፤ በሰሊጥ ዘይት የቀረበ ፉል ከየትኛውም የጉዞ ምግብ ይበልጣል። አይቡ እንዳይነሰነስበት ግን አስቀድሞ መናገር ነው።

ሁሉም ነገር ከተጻፈ በኋላ በዕቅዱ ላይ አንድ ባዶ ቀን እጨምራለሁ። ቦታ አልሰጠውም፣ ስምም አልሰጠውም። አባቶች አብዛኛውን ጊዜ ሊያነሱት ይሞክራሉ፤ ከሰላ ከተማ ድረስ ሄደው ሊያዩበት፣ የጣካ ተራሮችን ፎቶ ሊያነሱበት ይፈልጋሉ። እኔ አልለቀውም። ቀኑ የልጅ ትኩሳት፣ የተበሳ ራዲያተር፣ የኬላ ወረፋ፣ ወይም ሼኩ «ዛሬ አትሄዱም፣ በግ አርደናል» ያሉ እንደሆነ ለዚያ ነው። ምንም ካላጋጠመ የመኪናው ፈቃድ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ገላባት ጠዋት ይደረሳል፤ ወደ ጎንደር የሚያወጣው ዳገትም በቀን ብርሃን ይወጣል።