ላሚቱ የማን ናት?

ሁለት ፊልሞች፣ ሁለት ልጃገረዶች፣ ሁለቱም በክረምት ይሞታሉ። የቤንጋሉ ሳትያጂት ራይ በ1947 ዓ.ም. ባወጣው «ፓተር ፓንቻሊ» ውስጥ ዱርጋ ዝናብ ደብድቧት በትኩሳት ታልፋለች። የኛው ኃይሌ ገሪማ በቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ እረኛይቱን በለጠችን፣ ላም አድናለሁ ስትል፣ ጎርፍ ይወስዳታል።

ራይን አናሳንሰውም። አባትየው ለሞተችው ልጁ ሳሪ ይዞ ሲመጣ ማን እንባውን ይገታል? ይሁን እንጂ ደመወዙን የሚያዘገይበት ጌታ ከበስተጀርባ ይቀራል፤ ድህነቱ እንደ ዝናቡ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ኃይሌ ግን ካሜራውን ባላባቱ ደጃፍ ላይ ይተክላል። በለጠች በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ታያለች። ዝናቡማ ለሁሉም ይዘንባል፤ ላሚቱ የማን ናት? ጥያቄው ይኸ ነው።

ነገሩ ለኛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። የወሎን ረሃብ የገለጠው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ዙፋን ነቀነቀ፤ ውለታው ትልቅ ነው። ግን ያየነው የወሎ ሰው ሲሞት እንጂ ሲያርስ አይደለም። ጭሰኛው ከመራቡ በፊት ምርቱ ወዴት ይሄድ እንደነበር የሚነግረን የኃይሌ ፊልም ነው።

«ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ያውም በጥቁርና ነጭ፣ ረዘመ!» የሚል አይጠፋም። ይርዘም! የጭሰኛ ቀንስ መቼ አጥሮ ያውቃል? ስለ ወሎ ፊልም የሚሠራ ወገንም ከእርዳታ ሰልፉ ሳይሆን ከሞፈሩ ይጀምር።